መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ኡቡንቱ ውስጥ እየገባ ነው፤ ዊንዶውስን ዲፎልት ማድረግ (ደሴ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት)

ሰኞ_ገበያ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ እህቴ የምትሠራበት ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለን። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለሆነ በሥራ ቀን ሀረጎን ወጥቼ ልደርስላት አልችልም። ኮምፒውተሩ ኤችፒ ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውስ 10 ነበረበት፣ አጠገቡ ኡቡንቱ 22.04 (የሊነክስ ዓይነት ሲስተም) ጫንኩበት።

ኡቡንቱን የጫንኩት ለፍላሽ ብዬ ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ደብዳቤውን ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ሲሰካ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይገኛል። ኡቡንቱ ላይ ሲከፈት የተደበቀው ፋይል ይታያል፣ ያ የዊንዶውስ ቫይረስም እዚያ አይሠራም። እህቴ ይህን አሠራር ወዳዋለች፣ ደንበኛም በዚህ ምክንያት እሷን ብሎ ይመጣል።

የዕለት ሥራዋ ግን ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ፓወር ግዕዙም፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም፣ የፕሪንተሩ ድራይቨርም ያለው እዚያ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነሳና ማንም ሳይነካው ኡቡንቱ ውስጥ ይገባል። ሰው ተሰልፎ እያለ እንደገና ሪስታርት ማድረግ፣ ዝርዝሩ ሲመጣ ፈጥኖ ቀስቱን መጫን፣ ካመለጣት ደግሞ እንደገና። ዊንዶውስ በራሱ እንዲመረጥ እፈልጋለሁ፣ ኡቡንቱም እንዳይጠፋ።

አንድ ልመና፦ ትእዛዙን የማነብላት በስልክ ነው። በአማርኛ ፊደል፣ እንደሚነበበው አድርጋችሁ ጻፉልኝ።

ጦሳ_ሥር
ግረብን፣ ማለትም ሲነሳ ዝርዝሩን የሚያመጣውን ፕሮግራም፣ መነካካት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 10 ትጫን፣ ባዮስ (የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ይከፈታል። የቡት ቅደም ተከተል የሚለው ቦታ ላይ ኡቡንቱ አንደኛ ሆኖ ታገኘዋለች፤ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ወደ ላይ ታውጣው፣ ሴቭ አድርጋ ትውጣ። ከዚያ በኋላ መብራት ስንት ጊዜ ቢመላለስ ዊንዶውስ ነው የሚነሳው። ኡቡንቱ ስትፈልግ ሲነሳ ኤፍ 9 ተጭና ከዝርዝሩ ትመርጣለች። ማሽኑ ዴል ለሆነበት ሰው ደግሞ መምረጫው ኤፍ 12፣ ባዮሱ ኤፍ 2 ነው።

ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ መሻገርም ይቻላል። ሺፍትን ይዞ ሪስታርትን መጫን፣ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን መክፈት፣ እዚያ ኡቡንቱን መምረጥ። ይህኛው የሚሠራው ሲስተሞቹ በዩኢኤፍአይ (የድሮውን ባዮስ በተካው አዲሱ አነሳስ) ከተጫኑ ብቻ ነው።

የመስኮቱ_ልጅ
ኧረ ምን ይሄን ያህል ያስኬዳል። ግረብ ዲፎልት 0 የሚለውን 2 አድርገው፣ አለቀ።

ቦርከና_ዳር
የመስኮቱ ልጅ፣ ቁጥሩ ዛሬ ልክ ሊሆን ይችላል። ግረብ ከ0 ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ በዩኢኤፍአይ በተጫነ ኡቡንቱ 22.04 ብዙ ጊዜ ኡቡንቱ 0፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» 1፣ ዊንዶውስ 2 ይሆናል። በድሮው ባዮስ በተጫነው ግን መሀል ላይ የሜምቴስት መስመሮች ስለሚገቡ ዊንዶውስ ወደ 4 ይወርዳል። ነገ ሌላ ነገር ተጨምሮ ዝርዝሩ ቢንሸራተት ያቺ እህት ማሽኗ ሜሞሪ ሲፈትሽ ታገኘዋለች። ከርቀት የሚረዳ ሰው ቁጥር ላይ ባይደገፍ ይሻላል።

ሰኞ ገበያ፣ እኔ ኪዮት (ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ነው የምማረው። ዶርማችን ውስጥ ዱዋል ቡት (ሁለት ሲስተም በአንድ ማሽን) ያላደረገ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ይህን ነገር ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ጦሳ ሥር ያለው መንገድ ትክክል ነው። ለእህትህ ግን የሚከብድ ይመስለኛል፤ ኤፍ 9ን ልክ በሰዓቱ መጫን አለባት፣ ፍላሽ የያዘው ሰው ደግሞ ፊቷ ቆሟል። የግረብ ዝርዝር ግን ራሱ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ማንበብና መምረጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ በግረብ እንሂድ። ኡቡንቱ ውስጥ ትግባ፣ ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ተጭና ተርሚናሉን ትክፈት። መጀመሪያ ያለውን ፋይል ቅጂ እንያዝለት፦

ሱዶ ሲፒ ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ዲፎልት ስላሽ ግረብ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ዲፎልት ስላሽ ግረብ ነጥብ ባክ

ፓስወርድ ይጠይቃታል። ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ ኮከብ እንኳ አይወጣም። ይህን አስቀድመህ ንገራት፤ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሏት ታቆማለች። ጽፋ ኢንተር ትበል።

አሁን የዊንዶውስን መለያ እንፈልግ፦

ሱዶ ግሬፕ ኦኤስፕሮበር ስላሽ ቡት ስላሽ ግረብ ስላሽ ግረብ ነጥብ ሲኤፍጂ

ረጅም መስመር ይመጣል። ውስጡ «ኦኤስፕሮበር ሰረዝ ኢኤፍአይ ሰረዝ» ብሎ የሚጀምር፣ ቀጥሎ ስምንት ፊደልና ቁጥር ያለው፣ መሀሉ ላይ በሰረዝ የተከፈለ ቃል አለ። ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልህ፤ በስልክ ከማንበብ ያ ይሻላል። በድሮው ባዮስ የተጫነ ከሆነ ኢኤፍአይ በሚለው ፈንታ «ቼይን» የሚል ታያለህ።

የሚታየውን ስም፣ ማለትም «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ከነቅንፉ ብትጽፈውም ይሠራል። ነገር ግን ቅንፉ ውስጥ ያለው የዲስክ ስም ሌላ ዲስክ ሲሰካ ኤስዲኤ የነበረው ኤስዲቢ ሊሆን ይችላል። መለያው ከራሱ ከፓርቲሽኑ (ከዲስኩ ክፍል) የተወሰደ ስለሆነ ፎርማት ካልተደረገ በቀር ባለበት ይቆያል።

ከዚያ፦

ሱዶ ናኖ ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ዲፎልት ስላሽ ግረብ

ግረብ አንደርስኮር ዲፎልት እኩል ይሆናል 0 የሚለውን መስመር ታገኛለች። 0ን አጥፍታ መለያውን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ታስገባ። እዚያው ግረብ አንደርስኮር ታይምአውት የሚለውን 5 ታድርገው፤ ታይምአውት ስታይል የሚለው «ሂድን» ካለ ደግሞ «ሜኑ» ይሁን። ስሞቹ በካፒታል፣ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ሳይኖር። ኮንትሮል ኦ፣ ኢንተር፣ ኮንትሮል ኤክስ። መጨረሻ ላይ፦

ሱዶ አፕዴት ሰረዝ ግረብ

ይህቺ የመጨረሻዋ ካልተጻፈች የተቀየረው ሁሉ ሥራ ላይ አይውልም። ግረብ ሲነሳ የሚያነበው ግረብ ነጥብ ሲኤፍጂን ነው፤ ያ ፋይል ደግሞ በዚህ ትእዛዝ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ሲኤፍጂውን በቀጥታ ማረም የማይገባው፤ አዲስ ከርነል (የሲስተሙ ዋና ክፍል) በገባ ቁጥር ተደምስሶ ይጻፋል።

ነባር_ጠጋኝ
ልጆች፣ ጥሩ ነው የያዛችሁት። እኔ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ስለ መብራቱ ልጨምር።

ልጄ፣ መጀመሪያ የማስተካክለው ማሽኑ ራሱ የሚነሳበትን ነገር ነው። ኤችፒ ላይ ባዮስ ውስጥ «አፍተር ፓወር ሎስ» የሚል አለ፤ ዴል «ኤሲ ሪከቨሪ» ይለዋል። «ፓወር ኦን» ላይ ከሆነ መብራቱ እንደመጣ ማሽኑ ይነሳል። እኛ አገር መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም መጥቶ ወዲያው ተመልሶ ይሄዳል። ማሽኑ ሊነሳ ሲል ይቆረጣል፣ ደግሞ ሊነሳ ሲል ይቆረጣል። ይህ ነው ሃርድ ዲስክና ፓወር ሰፕላይ የሚጨርሰው። «ፓወር ኦፍ» ላይ ይሁን፣ እህትህ መብራቱ እስኪረጋ ጠብቃ በእጇ ታብራው። የሂሳብ መዝገቧ ያለበት ማሽን ነው፣ ዩፒኤስ ቢኖራት ደግሞ ከሁሉም የተሻለ።

ስለ ዲፎልቱ፣ እኔ ከጦሳ ሥር ጋር ነኝ። ኡቡንቱ አልፎ አልፎ የሚከፈት ከሆነ ዊንዶውስ ከባዮሱ አንደኛ ቢሆን ይመረጣል። የግረብ ማሻሻያ ቢበላሽ እንኳ የዕለት ሥራዋ አይቆምም።

ቦርከና_ዳር
ጋሼ፣ ስለ መብራቱ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር። በባዮሱ ጉዳይ ግን አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ኡቡንቱ የሚፈለገው በችኮላ ነው። የኤፍ 9 ነገር ከባድ ከሆነባት ፍላሹን እዚያው ዊንዶውስ ላይ ትሰካዋለች፤ ያኔ ኡቡንቱ የተጫነበት ምክንያት ራሱ ጠፋ። ዝርዝሩ አምስት ሰከንድ ፊቷ ከቆመ ግን ታስታውሰዋለች።

ነባር_ጠጋኝ
ይህም አነጋገር ሚዛን ይደፋል። ወንድሟ ይወስን፣ ሁለቱም ይሠራሉ።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ
አሰላሙ አለይኩም ጀማዓ። እኔ ፋርማሲ ነው ያለኝ፣ ዱዋል ቡት ነው፣ ዊንዶውስና ዴቢያን 12። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የእኔ የግረብ ዝርዝር ላይ ዊንዶውስ ጭራሽ የለም። ሁለተኛ፣ ዴቢያን ከፍቼ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ከቀኑ 9 ሰዓት የቆረጥኩት ደረሰኝ 6 ሰዓት ብሎ ይወጣል። ባትሪውን ቀየርኩት፣ ያው ነው።

ቦርከና_ዳር
ወአለይኩም ሰላም። አብሽር፣ ባትሪው ጤነኛ ነው።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት መሆኑን ልብ በል። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ሊነክስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት የግሪንዊች አድርጎ ይይዘዋል፣ ሲያሳይህ ሦስት ይጨምርበታል። ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ሰዓት የአገሩ ነው ብሎ እንዳለ ያነበዋል። ስለዚህ ዴቢያን በከፈትክ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ግሪንዊች ይስተካከላል፣ ዊንዶውስ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይታይበታል። ዴቢያን ላይ ይህን ጻፍ፦

ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት ሰረዝ ሎካል ሰረዝ አርቲሲ፣ ክፍት ቦታ፣ 1

ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሰዓቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለሚቀይሩ አገሮች ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ነው። እኛ አገር በክረምትና በበጋ ሰዓት አይቀየርም፣ አያሳስብህ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ ገብተህ ሰዓቱን አንዴ አስተካክል።

ዝርዝሩ ላይ ዊንዶውስ የጠፋው፣ ከግረብ 2.06 ጀምሮ ሌላ ሲስተም የሚፈልገው ክፍል በራሱ ተዘግቶ ስለሚመጣ ነው። ያው ኢቲሲ ዲፎልት ግረብ ፋይል ውስጥ ግረብ አንደርስኮር ዲሴብል አንደርስኮር ኦኤስ አንደርስኮር ፕሮበር የሚል መስመር አለ፣ ፊቱ ላይ የመሰላል ምልክት (#) ቢኖር አጥፋው፣ ዋጋውን «ፎልስ» አድርገው። መስመሩ ከሌለ ራስህ ጨምረው። ከዚያ አፕዴት ግረብ ስትል «ፋውንድ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» ብሎ ካመጣ አግኝቶታል።

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ
ወላሂ ሁለቱም ሠሩ። ዛሬ የቆረጥኩት ደረሰኝ ሰዓቱ ልክ ነው። አላህ ይስጥሽ እህቴ።

ሀረጎ_ቁልቁለት
ሰኞ ገበያ፣ ሌላ አማራጭም አለ። ግረብ ዲፎልትን «ሴቭድ» ታደርገዋለህ፣ ከሥሩ ግረብ አንደርስኮር ሴቭዲፎልት እኩል ይሆናል «ትሩ» ትጨምራለህ። መጨረሻ የተመረጠውን ያስታውስና በሚቀጥለው ራሱ ያንን ይከፍታል። እኔ ላፕቶፔ ላይ እንደዚህ ነው ያለኝ፣ በጣም ተመችቶኛል።

ቦርከና_ዳር
ለላፕቶፕ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሱቅ ግን አይሆንም። ፍላሽ ልታጸዳ ኡቡንቱ ገባች እንበል፣ በዚያ መሀል መብራት ሄደ። ሲመለስ የሚያስታውሰው ኡቡንቱን ነው፣ ልጁ መጥቶ የጠየቀን ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ዲፎልት የሚመረጠው ማሽኑ ፊት ማንም በሌለበት ሰዓት ምን ይከፈት ተብሎ ነው። ሰው ካለማ ራሱ ይመርጣል። በዚህ ቤት ማንም ሳይነካው መከፈት ያለበት ዊንዶውስ ነው፣ ሁልጊዜ።

አንተ የምትለው ዓይነት ማስታወስ ደግሞ ቡት ፓርቲሽኑ ቢቲአርኤፍኤስ ወይም ኤልቪኤም በሚባሉት የዲስክ አደረጃጀቶች ላይ ሲሆን አይሠራም፤ ግረብ እዚያ ላይ መጻፍ አይችልም።

አንዳንድ ጊዜ የተገላቢጦሹ ያስፈልጋል። ዲፎልቱ ኡቡንቱ የሆነበት ሰው ለአንድ ጊዜ ብቻ ዊንዶውስ ቢፈልግ፣ ዲፎልቱን «ሴቭድ» አድርጎ ሱዶ ግረብ ሰረዝ ሪቡት ብሎ መለያውን ቢጽፍ ቀጣዩ መነሳት ብቻ ዊንዶውስ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሰኞ_ገበያ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ሱቅ ከመዝጋቷ በፊት በስልክ አብረን ሠራነው። ቦርከና ዳር፣ የፓስወርዱን ነገር አስቀድሜ ስለነገርኳት አልተደናገጠችም። መለያውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ቁጥሩን ደግሜ አነበብኩላት። ሪስታርት አድርጊና እጅሽን ሰብስቢ አልኳት፤ ዝርዝሩ መጣ፣ ኮከቡ ዊንዶውስ ላይ ነበር፣ አምስት ቆጥሮ ገባ።

ነባር ጠጋኝ፣ ጋሼ፣ «አፍተር ፓወር ሎስ» ያሉትንም ወደ «ፓወር ኦፍ» ቀየርነው። ከወር ደመወዝ ዩፒኤስ ልገዛላት አስቤያለሁ።

ዛሬ አንድ አዲስ ነገር ገጠማት። ጠዋት ኡቡንቱ እየተነሳ ሳለ መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ከ5 ሳይሆን ከ30 ነው የሚቆጥረው። ዊንዶውስ ይመረጣል፣ ግን በተነሳ ቁጥር ግማሽ ደቂቃ ይቆያል። ምን ነካነው?

ቦርከና_ዳር
ምንም አልነካችሁም። ኡቡንቱ መነሳት ሲጀምር ግረብ «ሪኮርድፌል» የሚባል ምልክት ያስቀምጣል፣ ኡቡንቱ በሰላም ተነስቶ ሲጨርስ ራሱ ያጠፋዋል። መሀል ላይ ከተቆረጠ ምልክቱ ይቀራል። ግረብም «ባለፈው አልተሳካም፣ ሰው አይቶ ይምረጥ» ብሎ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ዊንዶውስ ይህን ምልክት አያውቀውም፣ አያጠፋውም። ስለዚህ ዊንዶውስ ብቻ እየከፈተች እስከቆየች ድረስ 30ው ይቀጥላል። ኡቡንቱን አንዴ ከፍታ እስከ መጨረሻ ይነሳላት፣ ወደ 5 ይመለሳል።

ሁልጊዜም እንዳይቆይ ከፈለግህ እዚያው ፋይል ውስጥ ግረብ አንደርስኮር ሪኮርድፌል አንደርስኮር ታይምአውት እኩል ይሆናል 5 የሚል መስመር ጨምራ አፕዴት ግረብ ትበል። ዜሮ ግን አታድርጉት። ኡቡንቱ እውነት ተበላሽቶ የሚመጣ ቀን ያቺ ዝርዝር ታስፈልጋችኋለች።

ነባር_ጠጋኝ
ጎበዝ ልጅ። እኔም አንድ ላስታውስ። ዊንዶውሱ ላይ «ፋስት ስታርትአፕ» ካልተዘጋ፣ ሸት ዳውን ስትል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሹን አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ከዚያ ኡቡንቱ ገብታ ያጸዳችውን ፋይል ወደ ዊንዶውሱ ፓርቲሽን ላስቀምጥ ስትል ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድም ይላታል። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፓወር ቁልፉ ምን እንደሚያደርግ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ምልክቱን ታንሳ። ሪስታርት ስትል ይህ ችግር የለም፣ ሸት ዳውን ላይ ብቻ ነው።

ሰኞ_ገበያ
ጋሼ፣ ይኸው ነበር ማለት ነው! «ፋይሉ አልቀመጥ አለኝ» እያለች በሌላ ፍላሽ ነበር የምታሻግረው። ዛሬውኑ እናነሳዋለን። የ30 ሰከንዱም ተስተካክሏል።

ሀረጎ_ቁልቁለት
ዊንዶውስ 10ን በተመለከተ፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በፈረንጆች ኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል፣ በእኛ ጥቅምት 4፣ 2018 መሆኑ ነው። ፍላሽ የሚሰካበት ቤት ነውና አጠራጣሪውን ሁሉ ኡቡንቱ ላይ መክፈቷን አጥብቃ ትያዝ።

የመስኮቱ_ልጅ
እኔ ወደ ዊንዶውስ 11 ላሻሽል ነው፣ ላፕቶፕ ላይ፣ ኡቡንቱም አለው። ዲፎልቱ ይበላሻል?

ጦሳ_ሥር
ከትልልቅ ማሻሻያ በኋላ ዊንዶውስ ራሱን በባዮሱ ዝርዝር አንደኛ ሊያደርግ ይችላል። ኡቡንቱ የጠፋ መስሎህ እንደገና እንዳትጭነው፤ ባዮስ ገብተህ ኡቡንቱን ወደ ላይ መልሰው፣ ግረብ ከነዲፎልቱ ይመጣል።

ከመጀመርህ በፊት ግን ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ክፍል) በርቶ እንደሆነ እይ። ከበራ፣ የቡት ቅደም ተከተል ሲቀየር 48 ቁጥር ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል። ቁልፉን አሁኑኑ ወረቀት ላይ ገልብጠህ ከላፕቶፑ ለይተህ አስቀምጥ። ያለ እሱ ዲስኩ አይከፈትም፣ ማንም ጠጋኝ አይረዳህም።

ቦርከና_ዳር
ሴኪዩር ቡትም (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው የባዮስ ክፍል) ካለህ አንድ ነገር እወቅ። በፈረንጆች ኦገስት 2024 የወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ ዱዋል ቡት ባላቸው አንዳንድ ማሽኖች ላይ ሊነክሱ እንዳይነሳ አድርጎ ነበር፤ «ቬሪፋይንግ ሺም ኤስባት ዳታ ፌይልድ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። እንዲህ ከመጣብህ ባዮስ ገብተህ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ዝጋ፣ ኡቡንቱ ይነሳል። ያኔ ሱዶ ሞክዩቲል፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ ሴት ሰረዝ ኤስባት ሰረዝ ፖሊሲ፣ ክፍት ቦታ፣ ዲሊት ብለህ ጻፍና ሪስታርት አድርገህ እንደገና ኡቡንቱ ግባ። ኡቡንቱን ሙሉ በሙሉ አፕዴት አድርግ፣ ሴኪዩር ቡትን መልሰህ ክፈት። ቢትሎከር ካለ ግን መጀመሪያ ቁልፉ እጅህ ላይ ይሁን፣ ሴኪዩር ቡት ሲነካም ስለሚጠይቅ።

የመስኮቱ_ልጅ
ቢትሎከር በርቶ አገኘሁት፣ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጫለሁ። ማሻሻሉን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።